ሰመራ ላይ አዎ ያልኩበት ቀን

2013 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ስምንት ዓመቴ ነበር። ኢድ ካለፈ ጥቂት ቀን ሆኖታል፣ ምርጫው ደርሷል፣ የዘይት ዋጋ ሲነግርህ ባለሱቁ የሚቀልድ የሚመስልበት ጊዜ ነው። የምርጫ መኪና በድምጽ ማጉያ እየጮኸች በሰፈራችን ታልፋለች፤ ሴቶቹ ባዶ ጀሪካናቸውን ይዘው እርስ በርስ እየተያዩ ይስቃሉ። የደስታ ሳቅ አልነበረም።

እኔ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ከሥራ መልስ፣ አዋሽ ባቡር ጣቢያ መጋዘን ውስጥ ነው። አማርኛ በዝግታ አነባለሁ፣ በዝግታም እጽፋለሁ። እንግሊዝኛ አልችልም። አባቴ ከወሎ መጥቶ እዚያው ባቡር ተቀጠረ፤ እኔም በተራዬ ሠላሳ ዓመት እዚያው ሠራሁ። ሥራዬ ባቡሩ ወደየትኛው መስመር እንደሚገባ የሚወስነውን ዘንግ ማዞር ነበር። ከዚህ በላይ ስለ እኔ የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ልጄ አዋሽ ሰባት፣ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ቤት አልኩት እንጂ አንድ በር ነው። ሥራዋ እንዲህ ነው። አከራይ ተከራዩን ይዞ ይመጣል። ፍየል ሻጭ ገዢውን ይዞ ይመጣል። ሽማግሌዎች የተጣላ አስታርቀው የተስማሙበትን ሊያስጽፉ ይመጣሉ። ማናቸውም «እንዲህ ብለሽ ጻፊልኝ» አይሉም። «እንደ ባለፈው አድርጊልኝ» ነው የሚሉት። እሷ የባለፈውን ታወጣለች፣ ስምና ቀን ትቀይራለች፣ ታትማለች፣ አለቀ። አሥር ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ይህ የባለፈው ነው ሀብቷ። ማሽኑማ አሮጌ ነው፤ እኔም አሮጌ ነኝ፤ ሁለታችንንም የሚገዛን የለም።

በዚያ ሰሞን ልጄ አራስ ነበረች። ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ነው፤ በወር ሁለቴ ብናየው ነው። በሩ ተዘግቷል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ አንድ ሰው አዲስ ማሽን አስገብቶ፣ በመብራት የሚብለጨለጭ ማስታወቂያ ሰቅሎ ያንኑ ሥራ ጀምሯል። ያ ሰው ሁሉ ነገር አለው፤ የባለፈው ብቻ የለውም። ልጄ አርባ ቀኗን እስክትጨርስ ደንበኛ ይጠብቃታል ብለን ያመንነው በዚህ ነው። ያ ከጠፋ የሚጠብቃት ምክንያት የለም።

ማሽኑ ግን ታሞ ነበር። በየሰዉ ፍላሽ እየገባ ቫይረስ በልቶታል። ስትከፍተው ሻይ አዝዘህ፣ ጠጥተህ፣ ከፍለህ ትመለሳለህ፤ እሱ ገና ነው። እንዲህ ሳለን ከአንድ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። አነስተኛ ንግድ ያላችሁ ኮምፒውተራችሁን ይዛችሁ ሰመራ ኑ፤ ነጻ የሆነ፣ ቫይረስ የማይደፍረው፣ ለጀማሪ የሚመች ሊኑክስ የሚባል ሲስተም ይጫንላችኋል፤ ሁለት ቀን ሥልጠና አለ፣ አበልም አለ ይላል።

እኔ ነጻ የሚለውን ሳይ ነው ደብዳቤውን የጠላሁት። እኛ አገር እስካሁን ማሽኑ ላይ ያለውንስ ሲስተም ማን ገዝቶት ያውቃል? አንድ ጎረምሳ በሲዲ ይዞ ይመጣል፣ ይጭናል፣ የሻይ ይቀበላል፣ ይሄዳል። የሌባ ዕቃ የለመደን ሕዝብ ነጻ ዕቃ አመጣሁልህ ብለህ አታስደስተውም።

«አባዬ፣ እኔ መሄድ አልችልም፤ አንተ ሂድልኝ» አለችኝ ልጄ።

«እኔ ስለሱ ምን አውቃለሁ?»

«ምንም ማወቅ የለብህም። ይህችን ፍላሽ ያዝ። ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት ፎርሞቼን በሙሉ እዚህች ላይ ገልብጡልኝ በላቸው። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉት።»

«ሰማሁ።»

«ድገመው እስቲ።»

«ልጅ ነኝ እንዴ?» አልኳት። አልደገምኩትም። ፍላሿን የሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና ቆለፍኩት።

በማግስቱ ሱብሒ ሰግጄ ተነሳሁ። ሳጥኑን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ረዳቱ ጣሪያ ላይ ልጫነው አለ፤ አንተን ልጫንህ አልኩት። አጠገቤ የተቀመጠችው ገዋኔ ላይ ምግብ ቤት ያላት የወሎ ሴት ነበረች። ብርድ ልብሱን ዓይታ ዓይታ አልቻለችም።

«አባባ፣ የታቀፉት ምንድን ነው? ያለቅሳል?»

«ኮምፒውተር ነው። የሚያለቅሰው ባለቤቱ ነው።»

መንገዱን ሙሉ ሰዉ የሚያወራው ስለ ኑሮ ነበር። አንዱ የቤት ኪራይ በዓመት ሦስቴ ተጨመረብኝ ይላል። አንዱ ፍየል ሸጬ የገዛሁት ዱቄት ከፍየሏ በፊት አለቀ ይላል። ሾፌሩ ስለ ጎማ ያማርራል። ሁሉም የምርጫ ካርድ አውጥቷል። የተወዳዳሪዎቹን ስም የሚያውቅ ግን አንድም አልነበረም።

«ማንን ሊመርጡ ነው?» አለችኝ ሴትዮዋ።

«ዘይት የሚያወርደውን።»

«እሱ አልተመዘገበም» አለችና ገዋኔ ላይ ወረደች።

ሰመራን የማያውቅ ካለ፣ ቢሮ የተዘራባት ከተማ ናት። ድሮ ዋናው ከተማ አሳይታ ነበር፤ ወንዝ አለው፣ ዛፍ አለው። የተማሩት ሰዎች ያንን ትተው መጥተው ድንጋይ ላይ ቢሮ ሠሩ፤ አሁን በየክፍሉ ቁጭ ብለው ስለ ሙቀቱ ያማርራሉ።

ሥልጠናው በማግስቱ በአንድ አዳራሽ ተጀመረ። አሠልጣኙ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት ነው፤ ነጭ ጫማ አድርጓል፣ ባጁን እንደ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሏል። ሁላችንንም «ውድ ሠልጣኞች» ይለናል። እኔ ከጎኔ የያዝኩት ጓደኛ ከአሳይታ የመጣ የአፋር ሽማግሌ፣ የፍየል ነጋዴዎች ማኅበር ሊቀመንበር ነው። ማኅበሩ ከሆነ ቦታ የተሰጠው ኮምፒውተር አለው፤ ከመጣ ጀምሮ ላስቲኩ አልተነሳለትም።

ወጣቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራ። ይህ ሲስተም ኦፕን ሶርስ ነው፣ ክፍት ምንጭ ማለት ነው፣ ማንም ከፍቶ ያየዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል፣ ባለቤቱ ሕዝቡ ነው አለ።

«ምንጩ ክፍት ነው?» አለ ሽማግሌው ጮክ ብሎ።

«ክፍት ነው አባቴ።»

«ታዲያ ሰመራ ውሃ በቦቴ ለምን ትገዛለች?»

አዳራሹ ሳቀ። ወጣቱም ሳቀ፤ ግን እንደ እኛ አልሳቀም። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ባለቤቱ ሕዝቡ ነው የተባለ ነገር ሁሉ ምን እንደሚሆን ለማየት እድሜዬ በቂ ነበር። ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው አይገኝም፤ ሲሠራ ግን የሚመርቅ ሰው ሞልቷል።

የሚመርቀው ደግሞ ብዙም አልቆየም። ከሻይ በፊት አንድ የምርጫ ተወዳዳሪ ካሜራ አስከትሎ ገባ። ስለ ምርጫው ሊቀሰቅስ እንዳልመጣ ተናገረና ቀሰቀሰ። «ወጣቱ በቴክኖሎጂ ታጥቆ፣ አርብቶ አደሩ በዲጂታል ተደግፎ» እያለ ቀጠለ። ጥያቄ ካለ ሲል የኔ ሽማግሌ ተነሳ። አማርኛው አንተና አንቱ አይለይም፤ አንድ ዓይነት አድርጎ ነው ሁሉንም የሚያናግረው።

«አንተ ልጅ፣ ደህና ተናገርክ። እኔ የምጠይቅህ አንድ ነው። ዘይት መቼ ይወርዳል?»

«አባቴ፣ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። የኑሮ ውድነቱን የምንፈታው ገበያውን በቴክኖሎጂ በማዘመን ነው። ዛሬ እዚህ የምታገኙት ሲስተም የዚያ አካል ነው።»

«ይሄ ኮምፒውተር ዘይት ያወርዳል?»

«በሂደት አዎ።»

ሽማግሌው ተቀመጠ። «ሰማህ?» አለኝ። «ሂደት የሚባል አገር አለ፤ ሁሉ ነገር እዚያ ርካሽ ነው።»

እኔ በዚያ ሰውዬ ንቀቴ ሞልቶ ፈሰሰ። ዘይት ሲጠይቁት ኮምፒውተር ይመልሳል። ሳያይ፣ ሳይመረምር፣ ሰው ፊት ስለቆመ ብቻ አዎ ይላል። ይህን በልቤ ስል የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ምን እንደማደርግ ሳላውቅ።

አሠልጣኙ ተወዳዳሪው ሳይወጣ አንድ ነገር ማሳየት ፈለገ። «ሲስተሙ ምን ያህል ለጀማሪ እንደሚመች እንይ። ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁ አባት ይምጡልኝ» አለ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አንድ የፊት ወንበር ላይ ያለ ጎረምሳ «እኚህ ይችላሉ፣ በብርድ ልብስ አቅፈውት ነው የመጡት» አለና ሰዉን አሳቀ። ይህ ነው ያስነሳኝ። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም።

ሳጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሽቦዎቹን ሰካኩለትና ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኙት። የሚጫነውን ነገር በሌላ ፍላሽ አስገቡ። ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። አንድ ጥያቄ መጣ፣ ሁለተኛ መጣ፤ ወጣቱ ይነግረኛል፣ እኔ አይጥ በሚሏት መጫኛ እጫናለሁ። ካሜራው ቀረበ። ተወዳዳሪው ትከሻዬን ያዘ። በሕይወቴ ባለሥልጣን ትከሻዬን የያዘው ያን ቀን ብቻ ነው።

«አባቴ፣ ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ ወጣቱ። «ውስጡ ያለው ይጠፋና አዲሱ ይገባል። ሌላ ቦታ ገልብጣችኋል አይደል?»

ጥያቄው በአማርኛ ነው። በደንብ ሰምቻለሁ፣ በደንብ ገብቶኛል። ፍላሿ ደረቴ ላይ አለች። ማድረግ የነበረብኝ አንድ ቃል ነው፤ አይ፣ አልተገለበጠም፣ ገልብጡልኝ ማለት። ይህን ብል ካሜራው ይቆማል፣ ተወዳዳሪው ሰዓቱን ያያል፣ ያ የፊት ወንበር ጎረምሳ ድጋሚ ይስቃል።

«አዎ» አልኩ።

«ይጫኑት እንግዲህ።»

ተጫንኩት። ሰዉ አጨበጨበ።

ባቡር ላይ ሳለሁ አንድ ሕግ ነበረን። የጣቢያው ኃላፊ «መስመሩ ዞሯል?» ብሎ ሲጠይቅህ፣ ቅድም አዙረኸው እንኳ ቢሆን ከተቀመጥክበት አዎ አትልም። ትሄዳለህ፣ ዘንጉን በእጅህ ትይዛለህ፣ ሃዲዱ መግጠሙን በዓይንህ ታያለህ፣ ከዚያ ነው አዎ የምትለው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ሳላይ አዎ ብዬ አላውቅም። ባቡር ስላልገለበጥኩ ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ እቆጥር ነበር።

ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አዲሱ ሲስተም ተከፈተ። እውነት መናገር ካለብኝ ፈጣን ነው። አንድም ቫይረስ የለበትም፣ ንጹህ ነው፣ አማርኛም ይጽፋል። ተወዳዳሪው ፎቶውን ተነስቶ ሄደ። እኔም ወጣቱን «አሁን የኪራይ ውሉን አውጣልኝ» አልኩት።

«የምን የኪራይ ውል፣ አባቴ?»

«የልጄን።»

ፊቱ ተለወጠ። «ገልብጠናል ብለውኝ ነበር እኮ።»

ኪሴን ፈትቼ ፍላሿን አወጣሁና ሰጠሁት። ሰካት። ባዶ ነበረች። ልጁ አልጮኸብኝም፣ አልሳቀብኝም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓትና ሁለተኛውን ቀን እስከ ቀትር የጠፋውን የሚፈልግ ፕሮግራም አስገብቶ ሲለፋ ዋለ። ጥቂት ወረቀት አገኘ። ልጄ ግን የምትጽፈው በድሮው የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ነበር፤ ያ በሌለበት ሲከፈት አማርኛው ሁሉ የእንግሊዝኛ ፊደልና ነጠብጣብ ሆኖ ተዘርግፎ ታየኝ። ሥጋ የጣሉበት ጉንዳን ይመስላል። የቀረው አዲሱ ሲስተም ተጽፎበት አልቋል።

«ጥፋቱ የኔም ነው» አለ ወጣቱ። «ራሴ ማየት ነበረብኝ።»

«አዎ፣ የአንተም ነው» አልኩት። አልዋሸሁትም። «ግን ጠይቀኸኛል።»

የአፋሩ ሽማግሌ አበላችንን ተቀብለን ስንወጣ አብሮኝ ሄደ። «እኔ የማኅበሩን ኮምፒውተር ላስቲኩን አላነሳሁም» አለኝ። «ሰዎች ይስቁብኛል። አሁን አየህ፣ የኔ ውስጥ ምንም ስለሌለ ምንም አልጠፋም።» ሊያጽናናኝ ነው። እኔ ግን ለመጽናናት አልፈለግሁም።

በማግስቱ ስመለስ ኬላ ላይ ፈታሾች ከአውቶቡሱ አስወረዱን። ከጅቡቲ በኩል የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ኮንትሮባንድ ነው የሚመስላቸው። ፈታሹ ብርድ ልብሱን ገለጠ።

«ደረሰኝ አለው?»

«አሥር ዓመት የሠራ ማሽን ነው። ከአዋሽ ይዤው ሄጄ ይዤው መመለሴ ነው።»

«ውስጡ ምን አለ?»

«ምንም የለም።»

«እንዴት ምንም የለም?»

«ባዶ ነው። ራሴ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩት። ትንሽ አየኝና ብርድ ልብሱን ራሱ መልሶ ሸፈነልኝ።

ቤት የደረስኩት በዐስር ሶላት ግድም ነው። ልጄ ሕፃኑን እያጠባች ነበር። ሳጥኑን መሬት አስቀምጬ ቆምኩ። ከመቀመጤ በፊት ነገርኳት፤ ከተቀመጥኩ ሌላ ወሬ ይመጣል። ሳላሳጥር ነው የነገርኳት፤ ካሜራውንም፣ የፊት ወንበሩን ጎረምሳም፣ አዎ ማለቴንም።

ልጄ ሕፃኑን ወደ ሌላው ጡት አዞረችው።

«አባዬ፣ ሳታይ አዎ ማለት ከማን ተማርክ?»

ያ ተወዳዳሪ በልቤ መጣ፤ ግን እሱን ሰበብ ማድረግ ራሱ የሱን ሥራ መሥራት ነው።

እሷ እንደ እኔ አይደለችም፤ ከተናደደች በኋላ ታስባለች። «የኪራዩን ውል መጀመሪያውን አስታውሰዋለሁ» አለች። «አንቀጾቹን አላስታውስም። የሽምግልናውን ደግሞ አንድ ቃል ከተሳሳትኩ ሰው ይጣላል። በራሴ ልጻፈው አልልም።» ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ አድርጋ «ሁሉንም ሦስት ሦስት ኮፒ ነው የማትመው» አለች። «አንዱ ለሰጪ፣ አንዱ ለተቀባይ፣ አንዱ ለሽማግሌ። ሰዉ ውሉን አይጥልም። ሳጥኑ ውስጥ፣ ፍራሹ ሥር አለ። ያንን ካገኘሁ ተኝቼም ቢሆን በአዲሱ ሲስተም ቀስ እያልኩ እገለብጠዋለሁ። ከአርባዬ በፊት ዋና ዋናዎቹ ቢደርሱ በቂ ነው።»

«ታዲያ ማን ያመጣዋል?»

አየችኝ። «ሄዶ የሚለምን ካለ ነዋ።»

እኔ በሕይወቴ ሰው ለምኜ አላውቅም። ይህን እሷም ታውቃለች። ትንሽ ራራችልኝ መሰለኝ፤ «ለምን እንደጠፋ ቢጠይቁህ ቫይረስ በላው በላቸው» አለች። «ሰዉ ቫይረስ ሲባል ዝም ይላል። የዚያ ማዶ ሰውዬም የሚያወራው አያገኝም።»

ወጥቼ መግሪብ ሰገድኩ።

በማግስቱ ማለዳ የሸማቾች ሱቅ ዘይት ሊያድል ነበርና ግማሹ አዋሽ ጀሪካኑን ይዞ ተሰልፏል። ከሰልፉ ጫፍ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘኋት መናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምትሸጠዋ ሴት ናት፤ የቤት ኪራይ ውሏን ልጄ ናት የጻፈችላት። ሰላም ብያት ውሉን ለሁለት ቀን እንድታውሰኝ ለመንኳት።

«ምነው ጋሼ፣ እሷ ዘንድ የለም እንዴ?»

«ጠፍቷል።»

«ማን አጠፋው?»

«እኔ» አልኳትና ከኋላዋ ወደ ቆመው ሰው ዞርኩ።